በር ላይ የተሰቀለው ማስክ

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሰው ግን አሁንም ሲስተር ነው የሚለኝ። ስሜ አማረች ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በነርስነት ሾኔን፣ ሀደሮን፣ ቦኖሻንና ሆሳዕናን ሳገለግል ኖርኩ። የተሸኘሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፎቶ ማስክ አድርጌ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ የተነሣሁት ነው። ከሥሩ «በከተማችን የማስክን ልማድ ያስጀመሩ» ይላል። ቤት እንደገባሁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ከተትኩት። ልጆቼ ለምን ሳሎን አይሰቀልም ብለው ስንት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ምስማር የለንም አልኳቸው።

ባለፈው ወር የዕድራችን ስብሰባ ካለቀ በኋላ ክርክር ተነሣ። ሰሞኑን አንድ ክፉ ጉንፋን ከተማውን ይዞታል፤ አንድ ትምህርት ቤትም ልጆች ማስክ አድርገው ይምጡ ብሎ ወረቀት በትኗል። ከስልኩ ላይ ዓይኑን የማያነሣው ጎረቤታችን መምህር ታደሰ፣ ማስክ ቫይረስ እንደማይከላከል በዩቲዩብ ሰምቻለሁ አለ። በወንፊት ውኃ ይቀዳል ወይ ብሎ ሰውን አሳቀ። የፓስተሩ ባለቤት ደግሞ፣ ያኔ በኮሮና ጊዜ ማስክ ባይኖር ይህ ዕድር ቀባሪ እንኳ አይተርፈውም ነበር ብላ ተቆጣች። እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ታደሰ የጋሽ ደምሴን ስም አነሣ። ዕድሜ ልካቸውን አፋቸውን ሸፍነው የሠሩ ሰው፣ ማስክ እንዳደረጉ ሄደው በኮሮና አልሞቱም ወይ አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲስተር፣ እርስዎ ይፍረዱን። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ጋሽ ደምሴን ያነሡት አስተማሪዬ መሆናቸውን ስለሚያውቁ ነው። የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ስል ይኸው አምስት ዓመት አለፈኝ፤ ሆዴም ፈጅቶ አልጨረሰውም።

ጋሽ ደምሴን ያገኘኋቸው ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሾኔ የተመደብኩ ጊዜ ነው። ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ገና በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ሾኔ አግብተው፣ ሾኔ ወልደው፣ ሀዲይሳ እንደ አገሬው የሚናገሩ ሰው። እኔ ዲፕሎማ ይዤ ስመጣ በሹመት በላያቸው ነበርኩ። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ቀን እጄን ስታጠብ አይተው፣ ዝም ብለው ውኃውን እንደገና ቀዱልኝ። ሳሙናውን እስከ ክርኔ እንዳደርስ በዓይናቸው አሳዩኝ። ዲፕሎማዬን ያን ዕለት ረሳሁት።

ጧት ጋሽ ደምሴ ከማንም በፊት ይገባሉ። መጀመሪያ መስኮቶቹን ሁሉ ይከፍታሉ። ከዚያ ከቁስል ማሸጊያው ሻሽ ላይ አንድ ክር ይመዝዙና ክፍሉ መሐል ቆመው በሁለት ጣት አንጠልጥለው ይይዙታል። ክሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ያያሉ። ነፋሱ የሚገባበትን ካወቁ በኋላ የእኛን ወንበር ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ የሚያስለውን በሽተኛ መቀመጫ ደግሞ ነፋሱ በሚወጣበት መስኮት ሥር ያደርጋሉ። ከሰዓት ነፋሱ ሲዞር ወንበሩንም ያዞሩታል። በሽተኞቹ ሽማግሌው አንድ ነገር ይደግማል ብለው ያሟቸው ነበር። እኔም መጀመሪያ ስቄባቸዋለሁ።

ያኔ በካርቶን የሚመጣ ማስክ የለም። እሳቸው ሻሹን ስድስት እጥፍ አድርገው በእጃቸው ይሰፉታል፤ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ሸፍኖ ጎን ለጎን ክፍተት እስኪያጣ ድረስ ፊታችን ላይ እየለኩ። የእሳቸው ጠርዙ ላይ በቀይ ክር ምልክት አለው፤ የእኔ በአረንጓዴ። ማታ ስንወጣ ማሰሪያውን ብቻ ይዘን አውልቀን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ እንጥላለን። በማግሥቱ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ ይመለሳል። አንድ ቀን የእኔ ስላልደረቀ የእሳቸውን አንሥቼ ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ። «የአንዱን አፍ የነካ ጨርቅ ለሌላው አፍ መርዝ ነው። ባዶ አፍሽን ብትሆኚ ይሻላል፤ ባዶ መሆንሽን ታውቂያለሽና ትጠነቀቂያለሽ» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ከሾኔ ሀደሮ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው፣ ወረቀቱ ብቻ የበዛ። እዚያ ኩፍኝ ገባ። እናቶች በገበያ ቀን ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡና አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጣብቀው ይጠብቃሉ፤ ያልታመመው ልጅ ከታመመው ጎን። እኔም ክሬን መዘዝኩ። አንጠለጠልኩት፤ ክሩ ምንም አልተነቃነቀም። ክፍሉ ትንፋሽ አልነበረውም። አግዳሚዎቹን አስወጥቼ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ሽፍታ ያለውን ከዛፉ ወዲያ፣ የሌለውን ከዛፉ ወዲህ። አለቃዬ መጥቶ ጤና ጣቢያውን ገበያ አደረግሽው እንዴ አለኝ። ክሩን አሳየሁት፣ ነገሩን አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና ራሱ አግዳሚ ተሸክሞ ወጣ። ያ ሰውዬ ባለበት ይባረክ። በእኔ የሥራ ዘመን እንዳለቃ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ቦኖሻ ስድስት ዓመት ከወባ ጋር ስታገል ቆየሁ። ከዚያ ሆሳዕና ገባሁ። የሠራሁበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጠራም። ዕድሜዬን አይተው የኢንፌክሽን መከላከል ተጠሪ አደረጉኝ። ጋሽ ደምሴም ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸው ስለሞቱባቸው፣ መምህርት ከሆነችው ልጃቸው ከሙሉ ጋር ለመኖር ሆሳዕና መጥተው ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል። በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ለመውሰድ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ክፍሌ እንደገቡ መጀመሪያ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር።

ኮሮና መጣ። ያን ጊዜ የነበረውን ፍርሃት ዛሬ የሚሟገቱት ሁሉ ረስተውታል። ያለ ማስክ ማንም አይገባም የሚል መመሪያ ወጣ፤ በሩን እንድቆጣጠር እኔ ታዘዝኩ። ሰዉ ግን የነጠላውን ጫፍ፣ የሻርፑን ጥግ፣ አንዳንዱም መሐረቡን አፉ ላይ እያደረገ ይመጣል። ኃላፊያችን ይህ ለተቆጣጣሪ አያምርም አለ። እኔም በገዛ እጄ «ሰማያዊው ማስክ ብቻ ይፈቀዳል፤ የጨርቅ አይፈቀድም» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሻሽ ስድስት እጥፍ ሲሰፋ ያየሁ ሴት! የጨርቁን ዓይነት ከመለየት ይልቅ ቀለም መለየት ስለሚቀል ነው እንዲያ ያደረግሁት።

የበሩ ዘበኛ ላምቤቦ ይባላል። የሻሸጎ ሰው ነው፤ ሁሉንም ሰው አንተ፣ አንቺ የሚል፣ ግን ሰው የማይጠላው። በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳት የያዘው ልጅ ያዘለች ሴት ከገጠር መጥታ ማስክ ስለሌላት ከበር መለሳት። ሴትዮዋ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ላምቤቦ ይህን አልቻለም። ከኪሱ ሁለት ሦስት ማስክ ገዝቶ በዘበኛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምስማር መታ። የሌለው ሰው ከምስማሩ አውርዶ አድርጎ ይገባል፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ቀጣዩ ያንኑ ያነሣል። ነጋም መሸም ያው ማስክ፣ ያው ምስማር።

አየሁት። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አንድ ቀን ቀትር ላይ በዚያ ሳልፍ ሦስቱም ተሰቅለዋል፤ በአፍ በኩል ያለው ረጥቦ ጠቁሯል። ይህ ምንድን ነው አልኩት። «ሲስተር፣ የታመመ ሰው ከበር ይመለስ እንዴ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? መልሱ እኮ እጄ ላይ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ፣ ሻሽ አስፍቼ፣ አስቀቅዬ ለየሰዉ መስጠት። ሌላው ቢቀር ምስማሩን መንቀል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባል የለ? ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከላይ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ በሩ ላይ ያለ ማስክ የሚታይ አንድም ሰው የለም፤ ኃላፊው ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። እነሱ ይሂዱና እንነጋገራለን አልኩት ላምቤቦን።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። በሩን አይተው አመሰገኑኝ፣ ፎቶም አነሡኝ፤ ያ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ፎቶ የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ ክፍሌ ገብተው ከኃላፊው ጋር ቆመው መዝገብ እያዩ ሳለ ጋሽ ደምሴ በበሩ ብቅ አሉ። ባጃጅ ነው በር ላይ ያወረዳቸው። በዓይናቸው ምክንያት ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የገቡት። አፋቸው ላይ ሰማያዊ ማስክ አለ። ወዲያው ገባኝ። የራሳቸውን ባለ ቀይ ክሩን አድርገው መጥተው፣ ላምቤቦ የእኔን ወረቀት አክብሮ የጨርቅ አይፈቀድም ብሎ አስወልቋቸው፣ ከምስማሩ አንዱን አውርዶ አስሮላቸዋል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያቸውን የቆሙትን ሰዎች በድምፅ ለዩዋቸው መሰለኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

«አማረች፣ ይህ ጨርቅ ከማን አፍ የወረደ ነው?»

ኃላፊው ቀና አለ። ተቆጣጣሪዎቹም ቀና አሉ። እኔ የተማርኩት ሁሉ፣ ጣሳው፣ ካውያው፣ እጄን የያዙኝ ቀን፣ አንድ ላይ ትዝ አለኝ። የግፊት መለኪያውን አነሣሁ።

«አዲስ ነው ጋሽ ደምሴ፤ አሁን ከካርቶን የወጣ» አልኳቸው።

ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ጨርቁን ዳሰሱት። ርጥብ መሆኑ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። «እሺ ልጄ» አሉ። አላወለቁትም። ግፊታቸውን ለካሁ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ። ላከብራቸው ብዬ፣ ሰልፉ መሐል እንዳይጋፉ፣ በአምቡላንስ መግቢያው በኩል አስወጣኋቸውና ባጃጅ ጠራሁላቸው። ያንኑ ማስክ እንዳደረጉ ሄዱ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ሳል፣ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር። ኦክስጅን ወዳለበት ወሰድናቸው። አልተመለሱም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ያ ማስክ ነው የገደላቸው ብዬ መማል አልችልም። በዚያ ወር በሽታው በየቤቱ ነበር፤ የሙሉ ጎረቤቶችም ያስሉ ነበር፤ ራሴ አስይዣቸውም ሊሆን ይችላል። ጤና ባለሙያ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም። ማስክ ይሠራል ወይ ለሚለኝ ግን መልሴ ሾኔ የተማርኩት ነው፦ ቫይረሱ ብቻውን አይበርም፤ በምራቅና በትንፋሽ ርጥበት ላይ ተቀምጦ ነው የሚወጣው። ንጹሕና በልክ የተሰፋ መሸፈኛ ከዚያ ብዙውን ይይዛል፤ ሁሉንም አይይዝም፤ ለዚህ ነው መስኮቱ የሚከፈተው፣ ወንበሩ የሚዞረው። ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ርጥብ ጨርቅ ግን ስሙ ማስክ ቢባልም ሥራው ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ ጣሳ ያለው ድሬሰር ይበቃል።

ለቅሶው ላይ ሰው ጥቂት ነበር፤ ወሬው ግን አላነሰም። ማስክ ምን አደረገላቸው ይላል አንዱ። በማስክ ነው እስከዚህ የቆዩት ይላል ሌላው። ሬሳቸው ሳይወጣ ለሁለት ተካፈሏቸው። እኔ ሁለቱም ፊት አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ያዘንኩ ብቻ መስሎት ያጽናናኛል።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው የምስማሩን ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ አወጣው። ማስክ ማለት ይኸው ነው እያለ ከተማው ሁሉ ተቀባበለው። ጥፋተኛ ተፈለገ። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም በተጠሪነቴ አባል ሆንኩ። ላምቤቦን አስገብተው ይህን እንድታደርግ ማን ፈቀደልህ አሉት። እኔን አየኝ። እንድናገር ጠበቀኝ። እኔ ፊቴ ያለውን ወረቀት አነብብ ነበር። ማንም አልፈቀደልኝም አለ በመጨረሻ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ከሥራ ይሰናበት ተባለ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ዛሬም ከዚያ ፋይል ውስጥ አለ፤ ደግሞ ያምራል።

የዕድሩ ዕለት ካመለጥኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ላምቤቦ ወደ አገሩ ተመልሷል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር በሳምንቱ ቦኖሻ ሄድኩ። ላምቤቦን ከከተማው ወጣ ብሎ በርበሬ ማሳው ውስጥ አገኘሁት። ሸምግሏል። ሚስቱ ቆጮና አይብ አቀረበችልኝ፤ እሱ ግን አብሮኝ አልቆረሰም። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አልኩት።

«አንድ ቃል ነበር የጠበቅሁት ሲስተር» አለኝ። «'አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ' ብትዪ ኖሮ እኔም አንቺም ተቀጥተን እንተርፍ ነበር። እኔ ለሰው አዝኜ አጠፋሁ። አንቺ ለማን አዝነሽ ነው?»

ቆጮውን ወደ ጎን ገፋ አደረግሁት። ተነሥቶ ቤት ገባና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ባለ ስድስት እጥፍ ሻሽ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር። ጋሽ ደምሴ ያን ዕለት አጥፈው፣ ስወጣ እወስደዋለሁ ብለው ሰጥተውት ኖሯል። እኔ በሌላ በር ስላስወጣኋቸው ሳይወስዱት ቀሩ። ሲሞቱ ለልጃቸው ለመስጠት አፍሬ ቀረሁ፣ አንቺ ስጪልኝ አለኝ።

በማግሥቱ ሙሉ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ልጅ ሆና ሾኔ ግቢ ውስጥ ስትሯሯጥ የማውቃት፣ እትዬ አማረች ብላ የምትስመኝ ሙሉ። ገና እንደቆምኩ፣ ወኔዬ ሳይከዳኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ምስማሩን፣ ወረቀቱን፣ አዲስ ነው ያልኩትን። ሻሹንም በእጇ አደረግሁት። ቀዩን ክር በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አባባ ያን ቀን ከባጃጁ እንደወረደ፣ አማረች ዋሸችኝ አለኝ። ታዲያ ለምን አላወለቅከውም ብዬ ተቆጣሁት። አለቆቿ ቆመው ነበር፣ በሰው ፊት ላሳፍራት እንዴ አለኝ።»

ሙሉ ግን በዚህ አላበቃችም።

«ለቅሶው ላይ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁሽ። አርባው ላይ ጠበቅሁሽ። ሙት ዓመቱ ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትበዪ ጠበቅሁሽ። ምስክር ወረቀት ተቀበለች ሲሉኝ መጠበቁን ተውኩት።»

ሻሹን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከኋላዋ ሳሎኑ ይታየኛል፤ የጋሽ ደምሴ ወንበር አሁንም ከመስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ግቢ ትለኝ እንደሆን ብዬ ትንሽ ቆየሁ። አላለችኝም። እኔም ሰላም ዋዪ ብዬ ከግቢው ወጣሁ።